ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም? ከእናቴ ጋር የፍቅር ኮሜዲ የማየት ተሞክሮ

ሁለት ሰዎች ተገናኝተው፣ ተኳርፈው፣ በመጨረሻ ታርቀው የሚጋቡባቸውን፣ እያሳቁ ሆድ የሚያባቡ የፍቅር ፊልሞች ከልቤ እወዳለሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ዕድሜዬም ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለውን ፊልም «የሴት ነገር» ብሎ የሚያልፈው ብዙ ስለሆነ፣ እወደዋለሁ ብሎ በአደባባይ የሚናገር ወንድ እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን ዝም ማለት አልፈልግም። ቤቴ ውስጥ ሐዘን ቅስሟን የሰበረው እናቴን ማታ ማታ ካሳረፏት ነገሮች አንዱ ይህ ፊልም ነው። በዕድሜ የገፋ ወላጅ ይዞ ምሽቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ ግራ የገባው፣ ከሥራ ደክሞ ገብቶ ዜና መስማት የሰለቸው፣ ወይም እነዚህን ፊልሞች እየወደደ በር ዘግቶ የሚያይ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ እጽፋለሁ።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ከቢቸና ወዲያ ካለው መንደራችን አልነቃነቅም ብላ ከረመች። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ግን ከብቶቹን ለወንድሜ አስረክባ፣ እኔና ባለቤቴ ለምነን ወደ ማርቆስ አመጣናት። ቀኑን ትችለዋለች። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ጎረቤት ቡና ትጠራለች፣ የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት ትቀበላለች። ጭንቁ ምሽት ላይ ነው። ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች የሌሊት ተረኛ የምትሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ልጁ ከተኛ በኋላ እኔና እናቴ ብቻችንን እንቀራለን፤ እሷ ጋቢዋን ተከናንባ ጥጧን ትፈትላለች፣ እኔ የተማሪ ፈተና አርማለሁ፣ ቴሌቪዥኑ ይናገራል። ዜናው የሞት ነው። ከዜናው በኋላ የሚመጣው በአማርኛ የተተረጎመ የውጭ ተከታታይ ድራማ ደግሞ በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ አንድ መዓት ሰቅሎ ይተዋል፦ ሰይፍ ተመዝዞ፣ ልጅ ጠፍቶ፣ መኪና ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ። የእነዚህ ድራማዎች ጥበብ ተመልካቹ ነገ እንዲመለስ ዛሬ አስጨንቆ ማሳደር ነው። ጤነኛ ልብ ላለው ሰው ያዝናናዋል። እናቴ ግን ጭንቀቱን ይዛው ትተኛ ነበር፤ ሌሊት ተነሥታ ስትጸልይና ስትተክዝ እሰማታለሁ።

የፍቅር ኮሜዲ ከዚህ የሚለየው በመጀመሪያ ደረጃ በመዘጋቱ ነው። በአንድ ምሽት ይከፈታል፣ በዚያው ምሽት ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። ማንም ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ አያድርም። ላዘነ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ አእምሮው ያልተቋጨ ነገር መሸከም አቅቶታልና የተቋጨ ነገር ይፈልጋል።

መንገድ ተዘግቶ ኢንተርኔትም ባልነበረበት ሰሞን ባለኝ ፍላሽ ላይ ከነበሩት ፊልሞች አንዱን ከፈትኩላት። እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የሚባል የአሜሪካ ፊልም ነው። አዘጋጁ ፍራንክ ካፕራ፣ ተዋንያኑ ክላርክ ጌብልና ክላውዴት ኮልበርት ናቸው። በዚያ ጊዜ አሜሪካ በ1929 ከደረሰባት የኢኮኖሚ ውድቀት ገና አልወጣችም ነበር፤ ሥራ የለም፣ ባንክ ተዘግቷል፣ ሕዝቡ ግን ሳንቲም ቆጥሮ ሲኒማ ይገባል። ይህ ፊልም ለእነዚያ ሰዎች የተሠራ ነው። የሀብታም ልጅ አባቷ ያልወደደውን ሰው በድብቅ ታገባለች፤ አባቷ ሊለያያት ሲል ከመርከቡ ባሕር ውስጥ ዘላ ታመልጥና ከፍሎሪዳ ወደ ኒው ዮርክ በሚሄድ የሕዝብ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ከጎኗ የሚቀመጠው ከሥራ የተባረረ ጋዜጠኛ ነው። ገንዘባቸው እያለቀ፣ እየተጨቃጨቁ፣ ዝናብ መንገድ እየዘጋባቸው አብረው ይጓዛሉ። ዝናብ መንገድ ሲዘጋ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ዞር ብላም አላየችው። እኔ የሚሉትን በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ እንዝርቷን ታሽከረክራለች። ከዚያ ያቺ የታወቀች ትዕይንት መጣች። ሁለቱ ሰዎች ገንዘብ ለመቆጠብ አንድ ክፍል ይከራያሉ። ሰውየው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ይወጥርና ብርድ ልብስ ይሰቅልበታል። «ይህ የኢያሪኮ ግንብ ነው» ይላታል፤ አንቺ በዚያ፣ እኔ በዚህ ማለቱ ነው። ይህን ስተረጉምላት እንዝርቷ ቆመ።

«ምን አልክ? ኢያሪኮ?»

«አዎ እማዬ፣ የኢያሪኮ ግንብ ነው ያለው።»

«ታዲያ ይፈርሳላ! ኢያሱ ሰባት ቀን አዙሯቸው፣ ካህናቱ ቀንደ መለከት ሲነፉ ፈርሶ የለም እንዴ? ይሄ ሰውዬ አውቆ ነው!»

ይህን ስትል ፊቷ ፈክቶ ነበር። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው መጨረሻው ላይ እስክደርስ ያልገባኝን ነገር እሷ ገና ከመነሻው ያዘችው። ፊልሙ በእርግጥም የሚያልቀው መለከት ተነፍቶ ብርድ ልብሱ ሲወድቅ ነው። ሰዎቹ ከተጋቡ በኋላ ነው የሚወድቀው፤ ሲወድቅም መብራቱ ይጠፋል እንጂ ሌላ ምንም አይታይም። እናቴ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «ጨዋ ናቸው» አለች። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት፤ ነገር ግን በየበዓሉ የሰማችው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከሆሊውድ ቀልድ ጋር በአንድ ሌሊት ተገናኝቶላት አየሁ።

ጨዋነታቸውን ካነሣሁ፣ ከወላጅ ጋር ፊልም ማየት ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ጥቅም ያለው ነገር ልናገር። የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች ከ1934 አጋማሽ ጀምሮ በጥብቅ የሚከተሉት የሥነ ምግባር ደንብ ነበራቸው፤ ደንቡ እስከ 1968 ቆይቶ በዕድሜ ምደባ ተተካ። በዚህ ደንብ ዘመን በተሠሩ ፊልሞች ውስጥ ሪሞት ፍለጋ የሚያስሮጥ ትዕይንት የለም ማለት ይቻላል። ካፕራ ፊልሙን ያወጣው ደንቡ ከመጥበቁ ጥቂት ወራት አስቀድሞ ነበር፤ ግን በጨዋነቱ ከእነዚያ አይለይም። አዘጋጆቹ ፍቅርን በአካል ማሳየት ሲከለከሉ በንግግር፣ በዓይን፣ በጭቅጭቅ፣ በተሰቀለ ብርድ ልብስ ማሳየትን ተማሩ። የእኛ ሰው ደግሞ ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። ሰምና ወርቅ በተማረ አገር፣ የተሸፈነ ነገር ከተገለጠው ይልቅ ይጣፍጣል። ስለዚህ አባት ወይም እናት አጠገብ የምትቀመጡ ከሆነ የድሮዎቹን ምረጡ፤ ጥቁርና ነጭ መሆናቸው ሽማግሌ ሰው አያስቀይምም።

ወደ ፊልሙ ልመለስና ለእኔ የዚህ ዓይነት ፊልም ልቡ የት እንዳለ ላሳይ። በመካከል ሁለቱ በአለመግባባት ይለያያሉ። እሷ ትቶኝ ሄደ ብላ ወደ አባቷ ትመለሳለች፤ እሱ ከድታኛለች ብሎ ያዝናል። አባትየው ልጁን ላገኘለት ሰው አሥር ሺህ ዶላር እከፍላለሁ ብሎ ነበር። ጋዜጠኛው ወደ አባትየው ይሄዳል፤ የሚጠይቀው ግን በጉዞው ላይ ያወጣውን 39 ዶላር ከ60 ሳንቲም ብቻ ነው። አባትየው የዚያን ጊዜ ሰውየውን ያውቀዋል። ከፊተኛው ሰው ጋር በተደገሰው ሠርግ ቀን ልጁን ክንዷን ይዞ ወደ መሠዊያው ሲወስዳት፣ ጋዜጠኛው እንደሚወዳት በጆሮዋ ይነግራታል፤ መኪናሽ በር ላይ ቆሞልሻል ይላታል። እሷም ሙሽራውን ትታ ትሮጣለች።

እናቴ ይህን ስትሰማ ስለ ሁለቱ ወጣቶች ምንም አላለችም። «አባትየው» አለች፤ «አባትየው ልጁን አወቀ።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ስለ አባቴ አወራችኝ። እህቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀውን ሰው በእንግድነት ካስተናገደ በኋላ እንዴት እምቢ እንዳለ፣ ሁለተኛው ሲመጣ እንዴት በበሬ አያያዙ ብቻ እንዳወቀው ነገረችኝ። ከቀብሩ ጀምሮ አባቴን ያነሣችው በለቅሶ ብቻ ነበር። ያን ምሽት በሳቅ አነሣችው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ፊልም አብረን አየን፤ አንድ ነገር እየጠራልኝ መጣ። ሰው እነዚህን ፊልሞች የሚያየው ለመሳሳሙ ወይም ለልብሱ ይመስለዋል። በእኔ እምነት ሰውን የሚያሳርፈው የይቅርታው ትዕይንት ነው። በጥሩ የፍቅር ኮሜዲ ብዙ ጊዜ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ አንድ ሰው ኩራቱን ጥሎ፣ በዝናብም ሆነ በብርድ ሄዶ፣ ሰው ፊት ቆሞ «በድያለሁ፣ እወድሻለሁ» ይላል። የውጭ ሃያስያን ይህን ትዕይንት በየፊልሙ የሚደጋገም ብለው ይነቅፉታል። እናቴ አንድ ሰው በሕዝብ መካከል ሲለምን ባየች ቁጥር ግን «ድንጋዩን ተሸክሞ መጣ» ትላለች። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በሽማግሌ ፊት ወድቆ እርቅ ይለምናል፤ ተበዳይ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድንጋዩ ከትከሻው አይወርድም። ሰው ፊት ያዋረደ፣ ሰው ፊት መካስ አለበት። ያ በአውሮፕላን ማረፊያ የሚሮጠው፣ በአዳራሽ መካከል ተነሥቶ የሚናገረው ሰው ለእናቴ እንግዳ አይደለም። ለእኔም ከዚያ ወዲህ እንግዳ መሆኑ ቀረ።

ይህን የምናገረው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወለደ ምድር ሆኜ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ነው፤ መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በዛብህ የተማረበት የዲማ ጊዮርጊስ ደብር ከእናቴ መንደር ሩቅ አይደለም። እሷም ታሪኩን በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምታዋለች፤ ሰብለ ወንጌል ዛሬም ጎረቤቷ እንደሆነች ናት፤ ስሟ ሲነሣ እንባዋ ይመጣል። ያንን መጽሐፍ ከምንም በላይ እወዳለሁ። ግን አንድ ምሽት እናቴ የተናገረችው ከልቤ አልወጣም፦ «ፊታውራሪ መሸሻ አንድ ቀን ቢሸነፉ ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር።» እውነቷን ነው። በዚያ ታሪክ ኩራት በጊዜ አልታጠፈምና ሁሉም መቃብር ወረደ። የፍቅር ኮሜዲ ያው ታሪክ ነው፤ ልዩነቱ አንድ ሰው ሳይመሽ መሸነፉ ነው። ስለዚህ አንዱ ቁም ነገር፣ ሌላው ቀልድ ነው የሚለውን ፍርድ አልቀበልም። ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ አንዱ የሚሆነውን ያሳያል፣ ሌላው ሊሆን ይችል የነበረውን።

«መጨረሻው እየታወቀ ምን ይታያል?» የሚለው ነቀፌታ ከሁሉም በላይ ይደጋገማል። እናቴ ፊልም ከመጀመሬ በፊት አንድ ጥያቄ አላት፦ «ይጋባሉ ወይስ አይጋቡም?» ካልነገርኳት አታይም። «ይጋባሉ» ስላት እንዝርቷን ታነሣለች። «ልቤ ይረፍና ጨዋታውን ልስማ» ትላለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች አጫጭር ልቦለዶችን ለአንባቢዎች ሰጥተው ያወጡት ጥናት የእሷን ሐሳብ ይደግፋል፦ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች በአማካይ ታሪኩን ካልተነገራቸው ይበልጥ ወደዱት። መጨረሻውን የማያውቅ ሰው ልቡ «ምን ይሆን?» በሚለው ይያዛል። የሚያውቅ ሰው «እንዴት ይሆን?» ወደሚለው ይሻገራል፤ የሰዎቹን ፊት፣ የንግግራቸውን ለዛ፣ እልሁ የሚሰበርባትን ቅጽበት ያስተውላል። ስለዚህ ወላጃችሁ መጨረሻውን ቢጠይቁ ንገሯቸው። አትከልክሏቸው።

ከሁሉም በላይ ያሳቃት ፊልም ግን የድሮ አይደለም። «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ይባላል፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ኒያ ቫርዳሎስ የምትባል ግሪካዊት ካናዳዊት ከራሷ ሕይወት ተነሥታ ጽፋው ራሷ ተጫወተችበት። አምስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ ከ350 ሚሊዮን በላይ አስገባ። ይህ ሁሉ ገንዘብ የመጣው በታዋቂ ተዋናይ ወይም በውድ ትዕይንት አይደለም። ቤተሰብ ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ቤት ስላየበት ነው። ቺካጎ ውስጥ በአባቷ ምግብ ቤት የምትሠራ የግሪክ ኦርቶዶክስ ልጅ ግሪካዊ ያልሆነ መምህር ትወዳለች። አባቷ ያኮርፋል። ዘመድ ይሰበሰባል። እጮኛው ሥጋ እንደማይበላ ሲሰማ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ አክስትየው ምንም አይደለም፣ በግ እሠራለታለሁ ትላለች። እናቴ በሳቅ እንባዋ ወረደ። «ይቺማ እትዬ ናት!» አለች፣ ስለ ራሷ አክስት።

ሙሽራው ለማግባት ሲል በልጅቱ ቤተ ክርስቲያን ሲጠመቅ ደግሞ ሳቋን አቁማ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ተጠመቀ?» አለችኝ። «አዎ፣ ተጠመቀ።» «በእውነት ወዷታል» ብላ አማተበች። ከዚያ በኋላ ያ ሰውዬ ቤታችን ውስጥ አማች ሆነ። ቡና ላይ ለጎረቤት ስታወራ «ያ የተጠመቀው መምህር» እያለች ነው የምትጠራው። በፊልሙ ጥቂት የመሳሳም ትዕይንት አለ፤ ቀድሜ አይቼው ስለነበር በዚያ በኩል ቡና ለማቅረብ እነሣ ነበር።

የተለያዩ ቀልዶችን የሚወድ ሰው «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር» የተባለውን የ1940 ፊልም ይፈልግ። ኤርንስት ሉቢች ነው ያዘጋጀው፤ ታሪኩ የሚካሄደው ቡዳፔስት በሚገኝ ሱቅ ውስጥ ነው። ሁለት ሻጮች በሥራ ቦታ ዓይንህን ለአፈር ይባባላሉ፤ ማታ ማታ ግን ሳይተዋወቁ በደብዳቤ የሚዋደዱት እነሱው ናቸው። ይኸው ታሪክ በ1998 ደብዳቤው በኢሜይል ተተክቶ፣ ቶም ሃንክስና ሜግ ራየን ተጫውተውበት «ዩቭ ጎት ሜይል» ተብሎ ተሠራ። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ የሱቅ ሠራተኞቹ የደመወዝ ጭንቀትና የባለ ሱቁ ብቸኝነት ስላለበት እውነት እውነት ይሸታል።

«ሮማን ሆሊዴይ»ን ግን ሐዘን ላይ ላለ ሰው መጀመሪያ አታሳዩ። በ1953 የወጣ ድንቅ ፊልም ነው፤ ኦድሪ ሄፕበርን ኦስካር ተሸልማበታለች። ሮም ውስጥ አንዲት ልዕልት ካረፈችበት ኤምባሲ አምልጣ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር አንድ ቀን ትውላለች። ታሪኩ እያሳቀ ይሄድና በመለያየት ያልቃል። እናቴን አስቀድሜ «አይጋቡም» ብያት ነው ያየችው፤ «ለወንበሯ ተመለሰች፣ ደግ አደረገች» ብላ አከበረቻት። ያን ሌሊት ግን አልሳቀችም። ለሌላ ጊዜ የሚቆይ ፊልም ነው።

ባለቤቴ እረፍት በምትሆንበት ቀን ከእናቴ ጋር ሦስት ሆነን እናያለን፤ እናቴ ከተኛች በኋላ እኔና እሷ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ለባለትዳሮች ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከኔ ቤት ተሞክሮ የበለጠ ማስረጃም አለው። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 174 አዲስ ተጋቢ ጥንዶችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ወር ውስጥ ስለ ትዳር የሚያወሩ አምስት ፊልሞችን አይተው የተወያዩት ጥንዶች ከባለሙያ ሥልጠና ከወሰዱት እኩል ተጠቀሙ፤ ምንም ካላደረጉት መካከል በሦስት ዓመት ውስጥ 24 በመቶው ሲለያዩ፣ ከእነዚህ የተለያዩት 11 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሥራውን የሚሠራው ከፊልሙ በኋላ ያለው ወሬ ነው። «እሱ ለምን ዝም አላት?»፣ «እኛስ ስንጣላ ቀድሞ የሚናገረው ማን ነው?» ብሎ መጠያየቅ በቀጥታ ከመወቃቀስ ይቀላል። ባለቤቴ «ከሌሊት ተረኝነት ስመለስ የምፈልገው ሰላምታ ሳይሆን ዝምታ ነው» ያለችኝ በአንድ ፊልም ላይ ያለችውን ሚስት ምክንያት አድርጋ ነው። ያለዚያ ፊልም መቼ ትነግረኝ እንደነበር አላውቅም።

የማልታገሠው ነገርም አለ። በአንዳንዶቹ ፊልሞች ውስጥ ሴቲቱ እምቢ ስትል ወንዱ ይከታተላታል፣ ቤቷ በር ላይ ያድራል፣ በመጨረሻ ትሸነፋለች፤ ይህም እንደ ፍቅር ይቀርባል። ጠለፋ የሚባል በደል በኖረበት አገር ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ክፍሌ ውስጥ የሚቀመጡ ወንዶች ልጆች ይህን አይተው «እምቢታዋ ለማስለመን ነው» ብለው እንዲያስቡ አልፈልግም። እንዲህ ያለውን ፊልም ሲያዩ ካገኘኋቸው ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ጥሩዎቹ ፊልሞች ላይ ምርጫው የእሷ ነው፤ የ1934ቱን ሴት አስታውሱ፣ ሮጣ የሄደችው በራሷ እግር ነው። ይቅርታ የሚጠይቀውም ሰው ይቅርታውን ተናግሮ ዝም ብሎ ይጠብቃል እንጂ እጇን አይጎትትም። ፊልም ስመርጥ የምመዝነው በዚህ ነው።

ቋንቋውን ለማያውቅ ወላጅ መተርጎም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፊልሙን አስቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት፤ ካላያችሁት ፊልም ላይ እየተረጎሙ ማስኬድ አይቻልም። ንግግሩን ሁሉ አትተርጉሙ። እኔ የሚናገሩት ሲበዛ አቆምና «አሁን ስለ ገንዘብ ተጣሉ» ብዬ አልፋለሁ፤ ቀልድ ሲመጣ ግን ቃል በቃል ሳይሆን በእኛ አነጋገር አዙሬ እነግራታለሁ። የፈረንጅ ስም ለጆሮዋ ስለማይያዝ «ጋዜጠኛው»፣ «የሀብታሙ ልጅ»፣ «አክስትየው» ብለን እንጠራቸዋለን። ብዙ ሰው የሚገባበት የሚወጣበትን ፊልም ተዉት። «የማን ልጅ ነው? ወላጆቿ የት ናቸው? ሽማግሌ ሳይልክ ነው የሚያወራት?» እያለች ስትጠይቅ አቁሜ እመልስላታለሁ፤ ከፊልሙ ግማሹ ደስታ ይኸው ነው። መብራት ስለሚጠፋ ላፕቶፑ ቀን ላይ ሙሉ ቻርጅ ይደረግ፤ ፊልሙም በፍላሽ ይጫን እንጂ ኔትወርክ አይታመን። ደክሟቸው ሲያንቀላፉ ደግሞ ዝጉትና ነገ ቀጥሉት።

ጊዜውንም ማወቅ ያስፈልጋል። አርባው ባልወጣበት ቤት ፊልም አይከፈትም። የሐዘንተኛ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሰው ማልቀስ ሲኖርበት ይልቀስ። እኛም የጀመርነው እናቴ ራሷ ነጠላዋን አስተካክላ ሰው መቀበል ከጀመረች በኋላ ነው። ደግሞም ምግብ እምቢ ያለ፣ እንቅልፍ ለሳምንታት የራቀው፣ «ምነው በወሰደኝ» እያለ የሚደጋግም ወላጅ ካላችሁ ፊልም መፍትሔ አይሆንም፤ ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ባለቤቴ እንዲህ ያሉ ሰዎች በመጨረሻ ሰዓት ሲመጡ ስለምታይ ይህን ሳልጽፍ እንዳልጨርስ አደራ ብላኛለች።

የአማርኛ የፍቅር ኮሜዲ ብዙ አለ፤ እናቴ ያለ አስተርጓሚ የምትስቀው በእነሱ ነው። በተለይ ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ሲናገሩ እንዝርቷ አይሽከረከርም። ቅር የሚለኝ ታሪኩ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ባለ ቪላ ቤት ውስጥ መሆኑ ነው፤ የክፍለ ሀገር ሰው ከመጣም የሚመጣው ሊሳቅበት ነው። እዚህ ለፊልም የሚሆን ነገር የለም እንዳይባል፣ ከማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄደውን አውቶቡስ አስቡት። ሉማሜን አልፎ፣ ደጀን ላይ ምሳ ተበልቶ፣ የዓባይን በረሃ ጠመዝማዛ ሲወርድ መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው የሚጣሉ ሁለት ተሳፋሪዎች፤ እሷ ለሥራ ፈተና የምትሄድ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ፣ እሱ የማር ጀሪካን እግሩ ሥር ያስቀመጠ ነጋዴ፤ ከኋላቸው ሁሉን የሚሰሙ አንድ መነኩሴ። ድልድዩ ጋ አውቶቡሱ ይበላሽ። እናቴ ይህን ስነግራት የመነኩሴውን ንግግር ሳይቀር ጨምራልኛለች፤ ይጋባሉ ወይ ስላትም «ሽማግሌ ከላከ» አለችኝ። የፊልም ሙያ ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ እባካችሁ ሥሩት። እናቴ መጨረሻውን ከወዲሁ ታውቀዋለች፤ ለማየት ዝግጁ ናት።